የመቀናጆው ኮምፒውተር

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደብረ ታቦር ውስጥ አንድ ባጃጅ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ጭኖ ቀስ እያለ ሲያልፍ ያየ ሰው፣ ሕመምተኛ የሚወስድ ይመስለዋል። ሹፌሩ ይሻው ጉድጓድ ባየ ቁጥር ፍሬን ይይዛል። ከኋላ የተቀመጠው ወጣት ጥቅሉን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ «ቀስ! ቀስ በል እንጂ!» ይላል። ጥቅሉ ኮምፒውተር ነው። ወጣቱ አንዷለም ነው። የሚሄደውም ወደ ሠርካለም ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። እስካሁን ያልተከታተላችሁ ብትኖሩ ብዙ አላመለጣችሁም፤ እነዚህ ሁለት ሰዎች ለወራት ያወሩት ስለ ኮምፒውተር ብቻ ነውና።

ሠርካለም ከአንበሳሜ ወዲያ ካለ የገበሬ መንደር ወጥታ፣ ኩዌት የሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ የተመለሰች ናት። ከሻንጣዋ ሥር በፎጣ ጠቅልላ ያመጣችው ወርቅ አልነበረም። የአሠሪዎቿ ልጅ ለራሷ አዲስ ስትገዛ የሰጠቻት ግራፊክስ ካርድ ነበር። ለማያውቀው ልንገረው፤ የኮምፒውተር ጨዋታ ላይ የምታዩትን ተራራና መንገድ ቶሎ ቶሎ እየሳለ የሚያወጣው ይኼ ካርድ ነው። የሠርካለም ካርድ ጎበዝ ነው። ችግሩ፣ ባሕር ዳር ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የገዛችው ኮምፒውተር ማመልከቻ ከመተየብ ያለፈ ሥራ ሲያይ የሚደነግጥ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያድለው ፓወር ሰፕላዩ ካርዱን የሚቀልብበት አቅም የለውም።

አንዷለም ደግሞ አደባባዩ ላይ ያለው ሕንፃ ባለቤት የወይዘሮ እመቤት ልጅ ነው። ጥሩ ፕሮሰሰር፣ ሁሉ ነገር የሚሰካበት ጥሩ ማዘርቦርድ፣ የማያሳፍር ራም አለው። ካርድ ግን የለውም። ሁለቱ የተገናኙት ሰዎች «የእኔ ይኼ ነው፣ የአንተስ?» እየተባባሉ ኮምፒውተራቸውን በሚያወዳድሩበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ነው። አንዷለም ሠርካለምን ወንድ መስላው ብዙ ጊዜ «ወንድሜ» ሲላት ከርሞ፣ ካርዱን ሊያይ የመጣ ዕለት «ወንድምህ እኔ ነኝ» ብላ በሩን የከፈተችለት እሷ ነበረች። ያን ቀን የተናገረውን እስከ ዛሬ አያስታውሰውም።

ከዚያ ካርዷን በእሱ ኮምፒውተር ውስጥ ገጥመው አንድ ሳምንት እሷ ዘንድ፣ አንድ ሳምንት እሱ ዘንድ ያደርጉት ጀመር። ይኼን ያዩት የሠርካለም አባት አቶ ጋሹ ናቸው ስም ያወጡለት። «ይኼማ መቀናጆ ነው» አሉ። በእሳቸው አገር አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አጣምረው፣ ዛሬ ያንዱን ነገ የሌላውን ማሳ ያርሳሉ። ደንቡንም ነገሯቸው። «መቀናጆ ጥሩ ነው። አንዱ ሁለተኛ በሬ ያገኘ ለት ግን ይፈርሳል። ሁሉም የየራሱን ይዞ ይሄዳል፤ ቂም የለውም።» ሁለቱም ሳቁ። እውነቱን ለመናገር አንዷለም ከሠርካለም ያነሰ ነው የሳቀው።

አሁን ሠርካለም ለአንዷለም ያልነገረችው አንድ ነገር አለ። ያች ካርዱን የሰጠቻት የኩዌት ልጅ አግብታ የራሷን ቤት ይዛለች። «ነዪ፤ እኔ ዘንድ ሥሪ። በሩ አይቆለፍብሽም» ብላ ደውላላታለች። መልሱ እስከሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ነው። ሠርካለም መሄድ አልፈለገችም። የምትቀረው ለምን እንደሆነ ግን ለራሷም ለመናገር ፈርታለች። አንድ ቃል ትጠብቃለች። ቃሉ ያለው አንዷለም አፍ ውስጥ ነው፤ ከአንዷለም አፍ የሚወጣው ግን ሁልጊዜ ስለ ራም ነው።

*

የዚህ ሳምንት ቅዳሜም እንደ ወትሮው ተጀመረ። አንዷለም ብርድ ልብሱን ገለጠ፤ ሠርካለም ካቻቢቴዋን ይዛ ቀረበች። የጎኑን ክዳን ሲፈቱ ሁለቱም አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ውስጡን ማየት ይወዳሉ። በተለይ አንዷለም የተዘጋ ነገር አይቶ አያልፍም። ቻርጀር ቢገዛ ከመሰካቱ በፊት ፈቶ ያየዋል። ካርቶን እጁ ከገባ ጀርባው ላይ በደቃቁ የተጻፈውን እስከ መጨረሻው ሳያነብ አያስቀምጠውም። ልጅ ሳለ የቤታቸውን ሬዲዮ ፈትቶ ሲገጥም አንድ ብሎን ተርፎት ነበር። ሬዲዮው ሠርቷል፤ የብሎኑ ነገር ግን ዛሬም ይከነክነዋል።

አቧራውን አራግፈው ጨዋታውን ከፈቱ። በረዷማ ተራራ ላይ መኪና የሚነዳበት ጨዋታ ነው። ሠርካለም መሪውን ይዛ ቁልቁለቱን ወረደች። አንዲት መንደር መግቢያ ላይ ስትደርስ ስዕሉ ቆም፣ ቆም፣ ዘለል አለ።

«አየህ? ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው የምትንተባተበው» አለች።

«ራም ነው። ራም ብንጨምር ይለቃታል።»

«ራም ቢሆን መንደሩ ውስጥም ትንተባተብ ነበር። አንዴ ከገባች በኋላ ግን ሰተት ብላ ነው የምትሄደው። በሩ ላይ ብቻ ለምን ትቆማለች?»

አንዷለም ወንበሩን ጠጋ አደረገ። «ለምን ይመስልሻል?»

«መንደሩን ከዲስኩ ላይ እስክታነሣው እየጠበቀች ነዋ። ጨዋታውን ያስቀመጥነው አሮጌው ዲስክ ላይ ነው። ወደ ፈጣኑ እናዛውረው።»

«ብንሳሳትስ?»

«ብንሳሳት ምን እንሆናለን? እናውቃለን።»

አንዷለም ይኼን አነጋገሯን ይወዳል። ብዙ ሰው መሳሳትን ሲፈራ አይቷል፤ ሠርካለም ግን መሳሳትን እንደ አንድ መንገድ ነው የምታየው፤ እሱም ወደ አንድ ቦታ ያደርሳል። ማዛወሩን አስጀምረው ጎን ለጎን ተቀምጠው መጠበቅ ያዙ። አንድ ሰውዬ መታወቂያ ኮፒ አስደርጎ ሄደ። ውጭ ከጉና ተራራ በኩል ደመና እየተንከባለለ ይመጣል።

«ሠርኬ፣ መንዳት መቼ ነው የጀመርሽው?»

«በጨዋታ ነው እንጂ መች ነድቼ አውቃለሁ። ኩዌት፣ እዚያ ቤት በሩ ከውጭ ይቆለፍ ነበር። መንገድ የማየው በመስኮት ነው። ሥራ ጨርሼ ስቀመጥ ልጅቷ ሁለተኛውን መጫወቻ ትሰጠኛለች፤ ያኔ እነዳለሁ። መጀመሪያ የነዳሁ ለት መንገዱ ሲያልቅ አለቀስሁ።»

«ለምን?»

«ማለቁ ነዋ።»

አንዷለም እጇን ሊይዘው ፈለገ። እጇ እዚያው ማውዙ አጠገብ ነበር። እሱ ግን ጨዋታው ተዛውሮ እንዳለቀ አይቶ «ሞክሪው» አለ። ሞከረችው። መኪናዋ ቁልቁለቱን ወርዳ፣ የመንደሯን በር አልፋ፣ አንዴም ሳትንተባተብ ገባች። «ዲስክ ነው ብዬህ አልነበር!» ብላ እጆቿን አጨበጨበች። አንዷለም ስክሪኑን ሳይሆን እሷን ነበር የሚያየው። ዞር ስትል ዓይን ለዓይን ገጠሙ። ሁለቱም ቶሎ ዓይናቸውን አላነሡም።

ይኼኔ ነበር መናገር። አንዷለም ጉሮሮውን ጠረገና የጠየቀውን ስሙ።

«ሠርኬ… ከዚህ የተሻለ ካርድ ቢገኝ… ይኼኛውን ትቀይሪዋለሽ?»

ሠርካለም ልቧ ሌላ ነገር ጠብቆ ስለነበር ሳቋ መጣ። «የተሻለ ከመጣ ማን ይጠላል? ብንወደውም አሮጌ ነው።»

የአንዷለም ፊት ባንዴ ጠቆረ። ለምን እንደጠቆረ አልገባትም። ቢሆንም እሷም በተራዋ መሞከር ፈለገችና፣ ትንፋሿን ይዛ፣ እንደ ቀልድ አድርጋ «እኔ ወደ ኩዌት ብመለስ ማዘርቦርድህ ምን ይውጠዋል?» አለችው።

«ማዘርቦርድ ምን ይሆናል» አለ አንዷለም ገና ከመጀመሪያው ሕመም ሳይወጣ። «ይኖራል። ያለ ካርድም ይሠራል።»

እኔ እዚያ ብኖር ሁለቱንም ጆሯቸውን ይዤ እወዘውዛቸው ነበር። እሷ «ያለ አንቺም እኖራለሁ» ያላት መሰላት። እሱ ደግሞ «የተሻለ ከመጣ እቀይርሃለሁ» ያለችው መሰለው። አንዷለም ተሰናብቶ ሲወጣ ሠርካለም በረዶው ላይ ብቻዋን ጥቂት ነዳች። ደስታዋ ግን አብሮት ወጥቶ ነበር።

*

ሐሙስ ሰኔ ሚካኤል ነበር። ሠርካለም ወረቀት እያስተካከለች ሳለ ወይዘሮ እመቤት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ዘንቢል አንጠልጥለው ገቡ። ከዚህ በፊት ይኼን ደጃፍ ረግጠውት አያውቁም።

«እንደምን ዋልሽ፣ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንኳን አደረስዎ። ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም» አሉና ተቀመጡ። ዙሪያውን አዩ፤ ማሽኑን፣ የወረቀቱን ቁልል፣ ጥግ ላይ ያለውን ኮምፒውተር። ከዚያ ከዘንቢላቸው አንድ ካርቶን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ይኼ ምን እንደሆነ እንድትነግሪኝ ነው የመጣሁ። ከአንዷለም አልጋ ሥር አገኘሁት። እህቱ ከአዲስ አበባ በፋሲካ ሰሞን የላከችለት ነው። ያ ልጅ እንኳን የራሱን፣ የሰውን ዕቃ ሳይፈታ የማያድር፣ ይኼን ግን ከነእሽጉ አስቀምጦታል። ምንድን ነው?»

ሠርካለም ካርቶኑን አነሣች። በፊቱ ላይ ያለውን ስም አንድ ጊዜ አይታ መልሳ አየችው።

«ግራፊክስ ካርድ ነው፣ እማማ።»

«አንቺ ከሰጠሽው ጋር ሲተያይስ?»

«ከእኔው ይበልጣል። በጣም ይበልጣል።»

«እንግዲያ ለምንድን ነው በአንቺው ካርድ የሚጫወተው?»

«እኔ እንጃ» አለች ሠርካለም። እውነትም አታውቅም ነበር።

ወይዘሮ እመቤት ፊቷን ትኩር ብለው አዩት። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ልጃቸውን በየት በኩል እንደሚድሩ አስቀድመው የወሰኑ ሴት ናቸው እንጂ። «የመሰለኝን ልንገርሽ፣ ልጄ። ለጎጆው ነው ያስቀመጠው። ይፋግ ካሉት ዘመዶቻችን ወገን አንዲት ፋርማሲስት አይተንለታል። እሺም እምቢም አላለንም። ለአንቺም ፊት ለፊት መናገር አፍሮ ይሆናል። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሰው ማስቀየም አይወድም።» ተነሡ። «ዕቃው እዚህ ይቀመጥ። ራሱ መጥቶ ይውሰደው፤ የሆዱንም ያውራሽ።»

በሩ ላይ ሲደርሱ ወደ ኮምፒውተሩ ዞር አሉ። የመጡበት ጉዳይ አልቆ እንኳ አንድ ነገር ሳያስቸግራቸው አልቀረም።

«ግን እዚህ ውስጥ ምንድን ነው የምታዩት?»

«መንገድ ነው፣ እማማ።»

«መንገድማ እዚህም ሞልቷል» ብለው ወጡ።

ሠርካለም ካርቶኑን ታቅፋ ቆመች። «ሰው ማስቀየም አይወድም» የሚለው ቃል ነው የወጋት። እንግዲያ ከፋሲካ ወዲህ ባሉት ቅዳሜዎች ሁሉ አዝኖላት ነበር የሚመጣው። ብትናቅ ትችለው ነበር፤ ተንቃም ታውቃለች። መታዘኑን ግን አልቻለችውም።

*

«የተሻለ ካርድ ቢገኝ ትቀይሪዋለሽ?» ያላት ትዝ አላት። ሲጠይቃት አልጋው ሥር ነበረው! ወሬውን ሊያለማምዳት ኖሯል። እሷም ሞኟ «ማን ይጠላል» ብላ ሳቀች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ሠርካለም ያን ቀን ለመልቀም እንኳ ጊዜ አልሰጠችም። ካቻቢቴዋን አንሥታ ክዳኑን ፈታች፤ የኃይል ገመዱን ነቀለች፤ ብሎኑን አላልታ ካርዷን ሳብ አደረገችው። ያን ያመጣችበትን ፎጣ ፈልጋ ጠቀለለችው።

ይሻውን ደውላ ጠራችው። ባጃጁን አቁሞ በሩ ላይ ግራ ተጋባ። «እቴ ሠርካለም፣ ዛሬ ሐሙስ አይደለም እንዴ? ቅዳሜ ሆነ?»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው በለው። ኮምፒውተሩን ለአንዷለም በእጁ ስጥልኝ።»

«ያለ ብርድ ልብስ?»

ብርድ ልብሱን አመጣችለት። ተናዳም ቢሆን ኮምፒውተሩ እንዲንገጫገጭ አልፈለገችም። ባጃጁ ከዓይኗ ሲሰወር በቴሌግራም ጻፈች። «መቀናጆው ፈርሷል። በሬዬን ወስጃለሁ። ያንተ ሁለተኛ በሬ እኔ ዘንድ ነው፤ ሰው ልከህ አስወስደው። ቂም የለኝም።» ቂም የለኝም የሚለውን ስትጽፍ ስክሪኑ በእንባዋ ረጠበ።

አቶ ጋሹ የደረሱት በዚህ መካከል ነው። ሚካኤል ስለሆነ እርሻ የለም፤ በስልክ የሰሙትን የልጃቸውን ድምፅ ስላልወደዱት ከአንበሳሜ በሚኒባስ መጥተዋል። ጋቢያቸውን እያራገፉ «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» አሏት። ሠርካለም ነገረቻቸው፤ ስለ ኩዌቱ ጥሪ፣ ስለ ካርቶኑ፣ ስለ ፋርማሲስቷ። ስለ ልቧ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። አባትየው ግን የሰሙት እሱን ነበር።

«ልሄድ ነው፣ አባዬ። እሑድን አልጠብቅም፤ ዛሬ እደውላለሁ።»

«ደውዪ። የከለከለሽ የለም።» ካርቶኑን አንሥተው አገላበጡት። «ቆይ ግን፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ልጁ ይኼ እንዳለው ያውቃል?»

«አልጋው ሥር ያለውን እንዴት አያውቅም?»

«አውቆ አልጠመደውም?»

«ይኸው እሽጉ እንዳለ ነው።»

«ገረመኝ» አሉ አቶ ጋሹ። «ብዙ ዘመን አርሻለሁ። በሬ አግኝቶ፣ በረት ውስጥ አስሮ፣ በሰው በሬ የሚያርስ ገበሬ ግን አላየሁም። ለምን ይሆን?»

«ለሠርጉ ነዋ!»

«ለሠርግ የሚቀለብ በሬም ቢሆን ባለቤቱ ገብቶ ጥርሱን ያየዋል፤ ሻኛውን ይዳስሰዋል። ይኼን ሰው እጁን አላሳረፈበትም። እኔ ብሆን ሳልጠይቀው አልሄድም።»

«አባዬ፣ በሞቴ፣ እንዳይጠይቁት!»

ሠርካለም ይኼን ስትል ዝናቡ መጣ። ሰኔ ነውና ሲመጣ አያስታውቅም፤ ቆርቆሮው ባንዴ ጮኸ። እሷ ደግሞ የአባቷ «ለምን ይሆን» ከዝናቡ ጩኸት ይልቅ ጆሮዋ ውስጥ ቀርቶ ነበር።

*

አንዷለም በባጃጅ አልመጣም። ይሻው ሌላ ሰው ጭኖ ሄዶ ነበርና በእግሩ መጣ። ኮምፒውተሩን በትልቅ ፕላስቲክ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አቅፎታል። ዕቃው ደረቅ ነበር፤ ሰውዬው ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው በስብሷል። ገብቶ ኮምፒውተሩን ቦታው ላይ አኖረና፣ በዚያ ሁሉ ጭንቀት መካከልም ቢሆን፣ ወደ አቶ ጋሹ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

«እንደምን ዋሉ፣ አባባ? እንኳን አደረስዎ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን፣ ልጄ። ውኃ ሆነሃል።»

«ዕቃህ ያውልህ» አለች ሠርካለም ፊቷን ሳታዞር።

አንዷለም ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ሲያየው እጅ ከፍንጅ እንደ ተያዘ ሰው ደነገጠ። ሠርካለም አባቷን በዓይኗ ለመነቻቸው። አቶ ጋሹ ልመናዋን አይተዋል፤ ግን ጥያቄያቸው ከልመናዋ በለጠባቸው።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሁለተኛ በሬ አግኝተህ ሳለ ለምን አልጠመድኸውም?»

«ፈርቼ ነው።»

«ምኑን?»

«እርስዎ ያሉትን። አንዱ ሁለተኛ በሬ ያገኘ ለት መቀናጆው ይፈርሳል ብለው አልነበር?»

ሠርካለም ቀስ ብላ ዞረች። እስካሁን በንዴት ሳታየው የቀረ አንድ ነገር ነበር። ካርቶኑን አነሣችና በእሽጉ ፕላስተር ላይ ጣቷን አሳለፈች። ጫፉ እንኳ አልተላጠም፤ የጥፍር ምልክት የለበትም።

«አንተ…» አለች። «አንተ ቻርጀር እንኳ ሳትፈታ የማትሰካ ሰው… ጀርባውንም አላነበብኸውም?»

«አላነበብሁትም።»

«ምን ያህል እንደሚፈጥን አላየህም? ስንት ሜሞሪ እንዳለው?»

«ምንም አላየሁም። አልጋው ሥር ስገፋው ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያስገባሁት። ካነበብሁት እከፍተዋለሁ። ከከፈትሁት እገጥመዋለሁ። ከገጠምሁት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ብዬ እመጣለሁ?»

ሠርካለም ካርቶኑን ይዛ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«ታዲያ ያን ዕለት ‹ትቀይሪዋለሽ?› ያልኸኝ?»

«አልቀይርም እንድትዪኝ ነበር። አንቺ ‹የተሻለ ከመጣ ማን ይጠላል› አልሽ።»

«ስለ ካርድ መስሎኝ ነዋ!»

«ስለ ካርድማ ነበር…» አንዷለም ከፀጉሩ የሚወርደውን ውኃ በእጅጌው ጠረገ። «እኔ የማውቀው ስለ ካርድ ማውራት ነው። ሌላውን ከየት እንደሚጀምሩት አላውቅም።»

«ሌላው ምንድን ነው?»

አቶ ጋሹ ይኼኔ ድንገት ፎቶ ኮፒ ማሽኑን መመርመር ጀመሩ። ክዳኑን ከፍ አደረጉ፤ መስታወቱን አዩ፤ መልሰው ከደኑት፤ እንደገና ከፈቱት። ጀርባቸውን ለልጆቹ ሰጥተዋል። ጆሯቸውን ግን እንዲያ አላደረጉትም።

«እወድሻለሁ፣ ሠርካለም» አለ አንዷለም። «‹ብንሳሳት እናውቃለን› ስትዪ እወድሻለሁ። መንገዱ ሲያልቅ ያለቀስሽ ለታ እዚያ ባለመኖሬ ሌሊት ተነሥቼ እናደዳለሁ። ፋርማሲስቷን አላየኋትም፤ ስሟንም አላውቅም። ዝም ያልሁት እናቴን ፈርቼ ነው፤ ዛሬ ግን መልእክትሽን ሳነብ አንቺን ከማጣት የባሰ የሚያስፈራኝ እንደሌለ አወቅሁ። ለእናቴ ነግሬያት ነው የመጣሁ።»

«ምን አሉ?»

«‹ካርቶኑን ለምን ደበቅኸው?› አለችኝ። ነገርኋት። ‹እና እሷን ላለማጣት ብለህ ነው ያልከፈትኸው?› አለች። አዎ አልሁ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችኝም። ስወጣ ግን ኮምፒውተሩን በፕላስቲክ የጠቀለለችው እሷ ናት።» ሳቅም ልቅሶም መጣበት። «ጃንጥላ ሰጪኝ ብላት ከለከለችኝ።»

ሠርካለም ሳቀች። እየሳቀች እንባዋ ወረደ። እስካሁን የያዘችው ሁሉ፣ ስልኩ፣ እሑዱ፣ ያ «ያለ ካርድም ይሠራል» ያላት፣ ሁሉም አብሮ ወጣ።

«ልሄድ ነበር እኮ» አለችው። «ኩዌት። ቀልዴን አልነበረም። ዛሬ ልደውልላቸው ነበር።»

አንዷለም ፊቱ ደም አጣ። «እና… ትሄጃለሽ?»

ሠርካለም ካርቶኑን ገለበጠችና ጀርባው ላይ በደቃቁ የተጻፈውን ማንበብ ጀመረች። አንዷለም ቆሞ ይጠብቃል። እንደዚያ ያለ ረጅም ንባብ በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። እሷ ግን ለማወቅ ትፈልግ ነበር። በዚህ ካርቶን ውስጥ ከፋሲካ ወዲህ የተዘጋውን ነገር ማየት አማራት።

«አንዷለም።»

«አቤት።»

«ይኼ ካርድ በአንተ ፓወር ሰፕላይ አይነሣም።»

«ምን?»

«አንብበው። የሚጠይቀው ኃይል ካንተው በላይ ነው። ብትገጥመውም አይበራም ነበር።»

አንዷለም ቀርቦ አነበበ። ጭንቅላቱ ከጭንቅላቷ ሊነካ ጥቂት ቀረው። «ከፋሲካ ጀምሮ የፈራሁት የማይሠራ ዕቃ ነው?»

«የማይሠራ ዕቃ ነው።» እንባዋን በፎጣው ጫፍ አበሰች፤ ያ ፎጣ ካርዷን የጠቀለለችበት ነበር። «አዲስ ፓወር ሰፕላይ ያስፈልገናል። ይኼኛው ወዳንተ ኮምፒውተር ይገባል፤ የእኔ ካርድ ወደ አሮጌው ኮምፒውተሬ ይዛወራል፤ ለእሱም ፓወር ሰፕላዩን እንቀይርለታለን። ያኔ ሁለት ኮምፒውተር ጎን ለጎን ይሆንልናል። አብረን መንዳት እንችላለን።»

«ለማን ነው ያስፈልገናል ያልሽው?»

«ለእኛ» አለች።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እሷንም ገረማት። አንዷለም እጇን ያዘ። እጁ በዝናቡ ቀዝቅዞ ነበር፤ እሷ በሁለት እጇ ሸፈነችው። በዚያ ሁሉ ቅዳሜ ማውዝ ሲቀባበሉ ስንት ጊዜ ተነካክተዋል፤ እንደዚህ ግን አልነበረም።

«እናንተ ልጆች» አሉ አቶ ጋሹ ከማሽኑ ሳይዞሩ። «እኔ ዛሬም አንድ ነገር አልገባኝም። ሁለቱን በሬ ጎን ለጎን የት ልታሳድሯቸው ነው? መቀናጆ ሲሆን ማታ ሁሉም ወደየበረቱ ነው የሚገባው።»

ሠርካለም አንገቷን ደፋች፤ አንዷለም ወለሉ ላይ ያንጠፈጠፈውን ውኃ ማየት ያዘ።

«ተዉት፣ ለእኔ አትመልሱልኝ። ይኼን የሚመልሱ ሽማግሌዎች አሉ። ይምጡና ይንገሩኝ።» ጋቢያቸውን አጣፍተው ተቀመጡ። «እስከዚያ ግን ያን በረዶ አሳዩኝ። ሰው መንገድ አለቀ ብሎ የሚያለቅስበትን ማየት እፈልጋለሁ።»

ሠርካለም ካርዷን ከፎጣው አውጥታ ወደ ቦታው መለሰችው። አንዷለም ብሎኑን አጠበቀ፤ እሷ ገመዱን ሰካች። አዲሱ ካርቶን እንደታሸገ አጠገባቸው ተቀምጧል፤ አሁን ማንም አልፈራውም። በረዷማው ተራራ ስክሪኑ ላይ ወጣ። አቶ ጋሹ «አየ!» ብለው ጎንበስ አሉ።

ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ለኩዌቷ ልጅ ማታ ትደውልላታለች፤ ታመሰግናታለች፤ እንደማትመጣና እዚህም በሩ የማይቆለፍበት ቤት እንዳላት ትነግራታለች። ውጭው አሁንም እየዘነበ ነው። የፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሠርካለም መሪውን ይዛ ቀና ስትል ያን በር አየችው። ከኩዌት ከመጣች ጀምሮ ክፍት በር ባየች ቁጥር ተነሥቶ የመውጣት ፍላጎት ይመጣባት ነበር። አሁን ጠበቀችው፤ አልመጣም።